ጉልበት ሲከዳ፤ ቀዶ ሕክምና ወይስ ትዕግሥት?

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ጉዳይ ብዙ እናቶች በየቤታቸው በዝምታ የሚሸከሙት ሕመም ነው። ከምጣዱ አጠገብ ተቀምጠው ከጋገሩ በኋላ ለመነሣት ግድግዳ መያዝ፣ ከጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ለመውረድ የደረጃውን ብረት ተደግፎ አንዱን እግር ካስቀደሙ በኋላ ሌላውን መጎተት፣ ከታክሲ ለመውረድ የሰው እጅ መለመን፣ ሌላው ሲሰግድ ቆሞ መቅረት፣ ሌሊት ጎን በለወጡ ቁጥር መንቃት፤ እነዚህ ሁሉ የጉልበት መገጣጠሚያ የቆየ ሕመም መኖሩን የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው።

ሕመሙ በጠና ጊዜ ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ከውጭ አገር ገንዘብ የሚልክ ልጅ «እማዬ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ኦፕራሲዮን ተደርገሽ ተገላገይ» ይላል። የዕድር ጓደኛ ደግሞ «እንዳትነኪው! እከሊት ተቀድዳ ከአልጋ ሳትነሣ ቀረች» ትላለች። ወጌሻው «እኔ አሽቼ አድነዋለሁ» ይላል። በዚህ መካከል ሕመምተኛዋ ግራ ተጋብታ፣ አንዱን ዓመት በሌላው ላይ እየጨመረች ትኖራለች። ቀዶ ሕክምናው እግር መቁረጥ የሚመስላቸው እንኳ ጥቂቶች አይደሉም።

እንግዲህ ጥያቄው «ቢላዋ ይሻላል ወይስ መቆየት?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። ይሁን እንጂ እያንዳንዷ እናት የራሷን መልስ እንድታገኝ የሚረዱ የተፈተኑ መመዘኛዎች አሉ። እነሱን አንድ በአንድ እንመልከት። /በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምርምር ዓመታት የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።/

በመጀመሪያ ሕመሙን መለየት

በእኛ ዘንድ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» ይባላል። ሐኪሞች ግን በዚህ አንድ ስም ሥር ብዙ የተለያዩ በሽታዎችን ይለያሉ። ከሁሉ የሚበዛው የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልም አጥንት እየሳሳና እየተበላ ሲሄድ የሚመጣው፣ ኦስቲዮአርትራይቲስ የሚባለው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2019 በመላው ዓለም 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው። ከእነዚህም ውስጥ 60 ከመቶው ሴቶች ሲሆኑ፣ ከሌሎች መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ የሚጠቃው ጉልበት ነው። ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የቆየ ስብራት ወይም ወለምታ፣ እንዲሁም ዘወትር መንበርከክና ከባድ መሸከም ያባብሱታል።

ሆኖም ሌሎችም አሉ። ጠዋት ጠዋት የሁለቱም እጅ ጣቶች ከአንድ ሰዓት በላይ ደርቀው የሚቆዩ ከሆነ፣ ሕመሙ የሰውነት መከላከያ ኃይል በራሱ በሰውነት ላይ ከመነሣቱ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በመድኃኒት እንጂ በቀዶ ሕክምና አይጀመርም። ነቀርሳም ሳንባን ብቻ ሳይሆን መገጣጠሚያን ሊይዝ ይችላል። ጉልበቱ በድንገት አብጦ፣ ትኩስ ሆኖ፣ ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ጋር ከመጣ ደግሞ መገጣጠሚያው አመርቅዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ለነገ የማይባል ጉዳይ ነውና በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

በመሆኑም የመጀመሪያው እርምጃ «ልቀደድ ወይስ አልቀደድ?» ሳይሆን «ሕመሜ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ራጅ ይረዳል፤ ግን ራጅ ብቻውን አይፈርድም። በፎቶው ላይ አጥንት ከአጥንት የተነካካ ሆኖ ሳለ ገበያ ደርሳ የምትመለስ ሴት አለች። ፎቶዋ ያን ያህል ሳይከፋ ሕመሙ እንቅልፍ የሚነሣትም አለች። ቀዶ ሕክምና የሚደረገው ለሰውየዋ እንጂ ለፎቶው አይደለም።

ከቢላዋ በፊት መሞከር ያለባቸው

«ሁሉንም ሞክሬአለሁ» የሚሉ እናቶች ሲጠየቁ፣ ሞከርን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ክኒን፣ መርፌ፣ ፍል ውሃና መታሸት ሆኖ ይገኛል። በምርምር ከሁሉ የበለጠ የተደገፈው ግን በቤት ውስጥ ያለ ወጪ ሊሠራ የሚችለው ነው።

1ኛ/ ጡንቻን ማጠንከር፦ ከጭን ፊት ያለው ትልቅ ጡንቻ የጉልበት ባላ ነው። ሕመም በመፍራት እግርን ማሳረፍ ሲበዛ ይህ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ባላው ሲላላ ጉልበቱ ይብስበታል። ስለዚህ በወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አንዱን እግር ወደፊት መዘርጋትና እስከ 5 ቆጥሮ ማውረድ፤ በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ። ከዚያም እጅ ሳያስደግፉ ከወንበር መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፤ መጀመሪያ 5 ጊዜ፣ ኋላ 10 ጊዜ። ይህን በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን፣ ሳያቋርጡ ለ12 ሳምንት። ሲጀመር ትንሽ ሕመም ቢኖር ጉልበቱ ተጎዳ ማለት አይደለም። በማግሥቱ ከጨመረና ካሳበጠ ግን መጠኑን መቀነስ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማግኘት የሚችሉ አንድ ሁለት ጊዜ አይተው ቢመጡ አሠራሩን ያስተካክሉላቸዋል።

2ኛ/ ክብደትን መቀነስ፦ በአሜሪካ የተደረገና በ2005 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሰውነት 1 ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና 4 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ 5 ኪሎ የቀነሰች እናት በየእርምጃው 20 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ሙሉ ውሃ፣ ከጉልበቷ ላይ አወረደች ማለት ነው።

3ኛ/ ምርኩዝ፦ ምርኩዝ የሚያዘው በታመመው እግር በኩል ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ነው። ቀኝ ጉልበቷ የታመመ ምርኩዙን በግራ እጇ ይዛ፣ የታመመው እግር ሲራመድ ምርኩዙንም አብራ ታስቀድማለች። ብዙዎች አገላብጠው ስለሚይዙት ጥቅሙን ያጣሉ።

4ኛ/ የሥራ አቀማመጥን መለወጥ፦ ምጣዱን ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ በረጅም ወንበር ተቀምጦ መጋገር፣ ልብስ ሲያጥቡ ሳፋውን ከመሬት ማንሣት፣ ለቡና ከበርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር መጠቀም፣ ውሃና እህል በትንሽ በትንሹ ማመላለስ። ይህን ማድረግ ስንፍና አይደለም፤ ጉልበትን ለነገ ማስቀመጥ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ነገሮች በእርግጥ ይረዳሉ? በዴንማርክ የተካሄደና በ2015 የታተመ ጥናት መልስ ይሰጣል። ለጉልበት መተኪያ ቀዶ ሕክምና ብቁ ሆነው የተገኙ 100 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ቀዶ ሕክምናውን ካገኙ በኋላ የ12 ሳምንት የእንቅስቃሴ፣ የአመጋገብና የትምህርት ፕሮግራም ተከተሉ። ግማሾቹ ግን ሳይቀደዱ ያንኑ ፕሮግራም ብቻ ተከታተሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ የተቀደዱት መሻሻል ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ ያህል ሆነ። ይሁን እንጂ ያልተቀደዱትም ተሻሽለዋል፤ ከ50ዎቹ መካከል በዚያ ዓመት ውስጥ ወደ ቀዶ ሕክምናው የዞሩት 13 ብቻ ነበሩ። በሌላ በኩል ብርቱ የጤና ችግር በተቀደዱት ዘንድ 24 ጊዜ፣ ባልተቀደዱት ዘንድ 6 ጊዜ ደረሰ።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ቀዶ ሕክምናው በእርግጥ ኃይለኛ መድኃኒት ነው፤ ዋጋም ያስከፍላል። ያለ ቀዶ ሕክምና መሻሻል የሚችሉም ብዙዎች ናቸው።

መጠንቀቅ የሚገባን

ከሱቅ ወይም ከጎረቤት የሚገኝ ክኒን ቀላል ይመስላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉት ሕመም ያስታግሳሉ፤ ነገር ግን ለወራት ያለ ሐኪም ምክር ሲወሰዱ ጨጓራን ሊያቆስሉና ሊያደሙ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ፣ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ሕመም ያለባት እናት የሚቀባውን ዓይነት አስቀድማ ብትሞክር ለሰውነቷ ይቀላል።

ይበልጥ የሚያስፈራው ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኃኒት፣ እንዲሁም ምን እንደያዘ ያልተጻፈበትን ዱቄትና ክኒን፣ «የቁርጥማት መድኃኒት» ተብሎ ሲሸጥ ገዝቶ መዋጥ ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ተአምር ስለሚመስል ይለመዳል። ውሎ አድሮ ግን ፊትን ያሳብጣል፣ ስኳርንና ግፊትን ያነሣል፣ አጥንትን ያሳሳል፤ ከዚህም አልፎ የዳሌ አጥንት ራስ ደም አጥቶ እንዲሞት ሊያደርግ ይችላል። በጉልበት የጀመረ ሕመም በዳሌ ቀዶ ሕክምና የሚያበቃበት ጊዜ አለ። ለረጅም ጊዜ ስትወስድ የቆየች ሴት ብትኖር ግን በድንገት ማቋረጡም አደገኛ ስለሆነ፣ ለሐኪም ነግራ ቀስ በቀስ ትቀንሰው።

በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚሰጠው መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ሊያስታግስ ይችላል። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ለመድረስ ይጠቅም ይሆናል። ይሁን እንጂ በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በየ3 ወሩ ለ2 ዓመት መርፌውን የወሰዱ ሕመምተኞች ልም አጥንታቸው ይበልጥ ሳስቶ፣ ሕመማቸውም የጨው ውሃ ከተወጉት ሳይሻል መገኘቱን አሳይቷል። መርፌን ዘላቂ መፍትሔ አድርጎ መያዝ አይገባም።

ፍል ውሃን በሚመለከት፣ ፍልውሃም ሆነ ሶደሬ የሄደ ሰው ለጥቂት ሰዓታት እፎይ ማለቱ እውነት ነው፤ ሙቀት ጡንቻን ያላላልና። የተበላውን ልም አጥንት ግን አይመልስም። ስኳር ኖሮባት እግሯ የደነዘዘ እናት ደግሞ ሳይታወቃት እንዳትቃጠል የውሃውን ሙቀት በእጇ መለካት አለባት። ወጌሻም ቢሆን ያበጠ ጉልበትን በኃይል ሲያጣምም ጉዳት እንጂ ጥቅም አያመጣም።

በመጨረሻም «በትንሽ ቀዳዳ ገብተን እናጥብልሻለን» የሚባለው አለ። በአሜሪካ፣ በሂዩስተን ከተማ፣ 180 የጉልበት ሕመምተኞች በሦስት ተከፍለው፣ አንዱ ክፍል ጉልበቱ ታጠበለት፤ ሁለተኛው ተጠረገለት፤ ሦስተኛው ግን ቆዳው ብቻ ተቀዶ ምንም ሳይሠራለት ተሰፋ። ሕመምተኞቹ የትኛው እንደተደረገላቸው አያውቁም ነበር። በ2002 በታተመው ውጤት በሁለት ዓመት ክትትል ውስጥ በሦስቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። እንግዲህ ለአረጀ ጉልበት ማጠቢያ ገንዘብ ከመክፈል በፊት «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ቀዶ ሕክምናው ምንድን ነው?

የመገጣጠሚያ መተኪያ ቀዶ ሕክምና አዲስ ፈጠራ አይደለም። ጆን ቻርንሊ የተባሉት እንግሊዛዊ ሐኪም በ1962 በራይቲንግተን ሆስፒታል ብረትንና ፕላስቲክን አጣምረው የዳሌ መገጣጠሚያ በመተካት መንገዱን ከፈቱ። በ1974 ደግሞ ጆን ኢንሳል የተባሉት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በኒውዮርክ ለዛሬው የጉልበት መተኪያ መሠረት የሆነውን ዓይነት ሥራ ላይ አዋሉ።

እግር አይቆረጥም። በማደንዘዣ፣ ብዙውን ጊዜ ከወገብ በታች ብቻ በማደንዘዝ፣ ጉልበቱ ከፊት ይከፈትና የተበላው የጭንና የቅልጥም አጥንት ጫፍ በስሱ ይላጣል። ከዚያም በላዩ ላይ የብረት ሽፋን ይጠለቃል፤ በመካከሉም ፖሊኢቲሊን የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ሥራው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይወስዳል። ሕመምተኛዋም በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ በክራንች ተደግፋ ትቆማለች።

ውጤቱስ? በአብዛኞቹ ዘንድ ጥሩ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅሰው ሕመም ይጠፋል፤ የተቆለመመ እግር ይቀናል፤ መንገድ መሄድ ይመለሳል። በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት እንደሚያሳየው ከ100 የተተኩ ጉልበቶች መካከል 82 ያህሉ ለ25 ዓመት ያገለግላሉ።

ይህን ያህል ካልን የቀረውንም ሳንደብቅ እንናገር። ከ5 ሰዎች አንዱ ያህል ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ሕመም ይቀርበታል ወይም በውጤቱ አይረካም። ከ100 ሰዎች አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ቁስሉ በውስጥ ያመረቅዛል። ያን ጊዜ እንደገና መከፈት፣ አንዳንዴም ብረቱን ማውጣት ግድ ይሆናል። በእግር ውስጥ ደም ሊረጋና ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ለዚህም መከላከያ መድኃኒት ይሰጣል።

ከዚህም ሌላ ለእኛ አገር እናቶች ተለይቶ መነገር ያለበት ጉዳይ አለ። የተተካ ጉልበት እንደ ልጅነት ጉልበት አይታጠፍም። በወንበር ለመቀመጥና ደረጃ ለመውጣት ይበቃል። ቁጢጥ ማለት፣ በጉልበት ተንበርክኮ መስገድ፣ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ መዋልና በመሬት መጸዳጃ መጠቀም ግን ለብዙዎች አስቸጋሪ ወይም የማይቻል ይሆናል። ይህን አስቀድሞ የነገራት የሌለ እናት ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶላት ሳለ «ተበላሸሁ» ብላ ልታዝን ትችላለች። ስለዚህ ከመወሰን በፊት «ከዚህ በኋላ በወንበር ኑሮ መኖር እችላለሁን?» ብሎ ማሰብ ይገባል።

መቼ ነው ቀደምሽ፣ መቼ ነው ዘገየሽ የሚባለው?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ሦስት እኅቶችን በሐሳባችን እንቅረጽ።

አንደኛዋ የ48 ዓመት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት እንበል። ጉልበቷ ካመማት ዓመት ሆኗታል። ማታ ማታ ያብጣል፤ ሌሊት ግን ትተኛለች፤ ጠዋት ግማሽ ሰዓት በእግሯ ሄዳ ሥራ ትገባለች። ከክኒን ሌላ የሞከረችው የለም። ለዚህች እኅት ቀዶ ሕክምና ጊዜው አይደለም። በእንግሊዝ አገር ተጠንቶ በ2017 የታተመ መረጃ እንዳመለከተው፣ ከ70 ዓመት በኋላ ጉልበታቸውን ካስተኩት ውስጥ በቀሪ ዘመናቸው ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የሚዳረጉት ከ100 አምስት ያህል ናቸው። በ50ዎቹ መጀመሪያ ላይ ባስተኩ ወንዶች ግን ቁጥሩ እስከ 35 ይደርሳል፤ ለሴቶች ከዚህ ዝቅ ቢልም ከአረጋውያኑ ይበልጣል። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው የከበደ፣ ውጤቱም ያነሰ ነው። እንግዲህ ይህች እኅት 12 ሳምንቷን ትሥራ፤ ክብደቷን ትቀንስ፤ አለቃዋን አነጋግራ በመካከሉ የምትቀመጥበትን ሥራ ትጠይቅ።

ሁለተኛዋ የ67 ዓመት እናት ናት። ስምንት ዓመት ታማለች። እግሯ ወደ ውጭ ተቆልምሟል። እንቅስቃሴውንም ምርኩዙንም አንድ ዓመት ሙሉ በትጋት ሞክራለች። ኩላሊቷ ስለደከመ ክኒን ተከልክላለች። ከዕድርና ከቤተ ክርስቲያን ቀርታለች፤ ሌሊቱን የምታሳልፈው እየቃተተች ነው። ለዚህች እናት «ታገሺ» ማለት ምክር አይደለም። መቆየት ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር የሚመስላቸው ተሳስተዋል። ስትቆይ ጡንቻዋ ይመነምናል፣ ጉልበቷ ይደርቃል፣ ልቧም ከመቀመጥ ብዛት ይደክማል። በጣም ከደከመች በኋላ የምትቀደድ ሴት ደግሞ ገና መራመድ ሳለች ከተቀደደችው ያነሰ ውጤት እንደምታገኝ ታውቋል። እሷ ስኳሯን፣ ግፊቷንና ደሟን አስመርምራ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ፊት መቅረብ ይገባታል።

ሦስተኛዋ ከሁለቱም ትከብዳለች። የ58 ዓመት ሴት፣ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆች የምታሳድግ ብቸኛ አባወራ። እንደ ሁለተኛዋ ታማለች፤ ሁሉንም ሞክራለች። ግን ሦስት ወር ምጣድ ካላሰማች ቤቱ አይበላም። ለእሷ ጥያቄው የአጥንት ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ነው። ይህች እኅት «እምቢ» ብትል ፈሪ አያሰኛትም፤ «እሺ» ብትልም ግዴለሽ አያሰኛትም። የሚያስፈልጋት ቀኑን ራሷ የምትመርጥበት ዝግጅት ነው፦ ዕቁቧ የሚደርስበትን ወር መጠበቅ፣ ደንበኞቿን ለሦስት ወር በአደራ የምትይዝላት ጎረቤት ማግኘት፣ ለትልልቆቹ ልጆች፣ ለወንዶቹም ጭምር፣ የቤቱን ሥራ አስቀድሞ ማከፋፈል። ጉልበት መተካት ብዙውን ጊዜ የድንገተኛ ሕክምና አይደለም። ስድስት ወር ተዘጋጅቶ መሄድ ይቻላል፤ ይህም የሕመሙ አንድ መልካም ጎን ነው።

የቤት ሒሳብ

ብረቱ ከውጭ አገር የሚገባ በመሆኑ ወጪው ከባድ ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲጠየቅ «የኦፕራሲዮኑ ስንት ነው?» ብሎ ማቆም አይበቃም። የመገጣጠሚያው ዋጋ፣ የአልጋው፣ የደሙና የመድኃኒቱ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የፊዚዮቴራፒና የመመላለሻው ታክሲ ሁሉ ተደምሮ መታወቅ አለበት። ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ለመሄድ የምታስብ ቤተሰብ ደግሞ ቁስሉ ከተመለሱ በኋላ ቢያመረቅዝ አገር ቤት የሚከታተል ሐኪም ማን እንደሆነ ሳታረጋግጥ፣ በደላላ ቃል ብቻ ቤት ወይም ቦታ መሸጥ አይገባትም።

ተቀጥራ የምትሠራ እናት መብቷን ትወቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ታገኛለች፤ የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። በእግር ቆሞ ለሚሠራ ሥራ ሦስት ወር ያህል እንደሚያስፈልግ አስቦ ሒሳቡን መሥራት ይጠቅማል።

ቤቱም ይዘጋጅ። የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ይነሣ፤ አልጋው ከፍ ይበል፤ የመሬት መጸዳጃ ያለበት ቤት መካከሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር አናጢ ያዘጋጅ። ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምድር ቤት ካለ ዘመድ ዘንድ ብትሰነብት ይሻላል። የተበላሸ ጥርስና የቆዳ ቁስል ካለ አስቀድሞ ይታከም፤ ማመርቀዝ ከዚያ ይነሣልና።

ለሐኪሙ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ማፈር አያስፈልግም። የሚከተሉትን በወረቀት ጽፋችሁ፣ የምታምኑትን አንድ ሰው አስከትላችሁ ሂዱ።

1ኛ/ ሕመሜ በትክክል ምንድን ነው? ከጉልበቴ ነው ወይስ ከዳሌ ወይም ከወገብ የመጣ ነው? /የዳሌ ሕመም በጉልበት ላይ የሚሰማበት ጊዜ አለ።/

2ኛ/ ያልሞከርኩት ሌላ መንገድ አለን?

3ኛ/ ለስድስት ወር ብቆይ ምን አጣለሁ?

4ኛ/ እርስዎ ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ?

5ኛ/ ካመረቀዘ ወይም ካልተሳካ እዚሁ የሚደረግልኝ ምንድን ነው?

6ኛ/ እኔ ማድረግ የምፈልጋቸው እነዚህ ሥራዎች /ስማቸውን ጠርታችሁ/ ከዚያ በኋላ ይቻላሉን?

ጥሩ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። ጊዜ የለኝም ብሎ የሚያጣድፍ ቢያጋጥም፣ ሌላ ሐኪም ማማከር የሕመምተኛ መብት ነው።

ውሳኔው የማን ነው?

ባል፣ ልጅ፣ እኅት ሊመክሩ ይገባል፤ ወጪውንም ይጋራሉ። ነገር ግን ሌሊት የሚነቃው የእነሱ ጉልበት አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በየቀኑ እየታመመች ጉልበቷን ማጠፍና መዘርጋት ያለባት ራሷ ናት። ይህን ሥራ ሦስት ወር ካልሠራች የተተካውም ጉልበት ይደርቃል። ልጆች ስለገፏት ብቻ የገባች እናት ለዚህ ሥራ ልብ አይኖራትም። ጎረቤት ስላስፈራራት ብቻ የቀረች እናትም ያለ በቂ ምክንያት ከሰው ተለይታ ትኖራለች።

ስለዚህ ቤተሰቦች ሆይ፣ «ምን ወሰንሽ?» ከማለታችሁ በፊት «ከሁሉ ይልቅ ማድረግ የናፈቀሽ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። ገበያ ደርሶ መመለስ ነው? ሌሊት መተኛት ነው? የልጅ ልጅ ማዘል ነው? ወይስ መስገድ? ቀዶ ሕክምናው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብዙውን ጊዜ ይሰጣል፤ ሦስተኛውን ምናልባት፤ አራተኛውን እምብዛም። መልሷ መንገዱን ያሳያችኋል።

እናንተም እናቶች፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላልና ሕመማችሁን አትደብቁ። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚባለውንም አትርሱ። መለካት ማለት ግን ዕድሜ ልክ መቀመጥ አይደለም። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን 10 ጊዜ ዘርጉ፤ ቀኑን በደብተር ላይ ጻፉ። 12ኛው ሳምንት ሲያልቅ ሌሊት እንዴት እንደምትተኙ፣ ምን ያህል መንገድ እንደምትሄዱ አይታችሁ ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት። ከተሻለ ቀጥሉበት። ካልተሻለ ያንኑ ደብተር ይዛችሁ ሐኪም ፊት ቅረቡ፤ ያን ጊዜ የምትሉት እሺም ሆነ እምቢ በፍርሃት ወይም በጥድፊያ የተነገረ አይሆንም።